ሲክሊድ በጋራ አኳሪየም፦ የትኛውን ዓሣ፣ የትኛውን የማሳደጊያ መንገድ?

ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ አንዱን ላራባ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ያምራል?» ብሎ ነው። መጠየቁ ክፋት የለውም፤ ግን ተራው ሁለተኛ ነው። በጋራ አኳሪየም፣ ማለትም ትንሹ ዓሣ ቴትራውም፣ ጢማሞቹ ካትፊሾች ኮሪዶራሱም ፕሌኮውም አንድ ላይ በሚኖርበት ገንዳ፣ ቀድሞ መልስ የሚፈልገው «ጫጩቶቹን ማን ያሳድጋል?» የሚለው ነው። አባትና እናት ተጋግዘው? እናት ብቻዋን በአፏ ይዛ? ወይስ እናንተ በቱቦና በባልዲ? የገንዳው ስፋት፣ የጎረቤቶቹ ዓይነት፣ በየቀኑ የምታጠፉት ጊዜ፣ ሁሉም የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

እንቁላል ማስጣሉ ብዙም አያስቸግርም። አብዛኛው ሲክሊድ ንጹህ ውሃ፣ የሚስማማው ሙቀትና ደህና ምግብ ካገኘ ሳትለምኑት ይጥላል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማታ መቶ ምናምን ጫጩት ጠጠሩ ላይ ሲርመሰመስ ታያላችሁ፣ ደስ ብሏችሁ መብራት ታጠፋላችሁ፣ ጠዋት ስትነሱ ግማሹ የለም፤ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አንድም አይታይም። ብዙ ሰው ወዲያው ውሃውን ይጠረጥራል። ውሃው ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጫጩቶቹን የበላቸው በጨለማ የሚንቀሳቀሰው ጎረቤት ነው።

ቤተሰቡ ሰፊ ነው። በሳይንስ የተመዘገቡት የሲክሊድ ዝርያዎች ከ1,600 ይበልጣሉ፤ ቆሮሶ የምንለው ቲላፒያም ከነሱ አንዱ ነው። ለኛ ጉዳይ ግን በሁለት ወገን መክፈሉ ይበቃል። አንደኛው ወገን እንቁላሉን ድንጋይ፣ ቅጠል ወይም የዋሻ ጣሪያ ላይ ለጥፎ የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው እንቁላሉን በአፉ የሚይዝ ነው። በመሃል አንዳንድ ለየት ያሉ አሉ፣ እነሱን ስንደርስባቸው እናያቸዋለን።

ክሪቤንሲስ ወይስ ኮንቪክት?

ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚመከሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ወረቀት ላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ጥንድ ሆነው ይኖራሉ፣ ሁለቱም ዋሻ ይወዳሉ፣ በሁለቱም ዘንድ አባትና እናት ተጋግዘው ጫጩት ይጠብቃሉ። አንድ ገንዳ ውስጥ ስታስገቧቸው ግን ልዩነታቸው የትየለሌ ነው።

ክሪቤንሲስ የናይጄሪያና የካሜሩን ወንዞች ዓሣ ነው። ወንዱ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ሴቷ ከሱ አነስ ትላለች። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት ይስማማዋል፣ ስለ ውሃው ዓይነትም ያን ያህል አይነጫነጭም። አንድ የሸክላ ማሰሮ ጎኑን ሰብራችሁ ብትደፉለት ቤት ሠራችሁለት ማለት ነው። መግቢያው ሴቷን ብቻ በግድ የሚያሳልፍ ቢሆን ይመረጣል። ደግሞ እዚህ ቤት ጠያቂዋ ሴቷ ናት። ሆዷ እንደበሰለ ቼሪ ይቀላል፣ ሰውነቷን ወደ ጎን አጥፋ ሆዷን ለወንዱ እያሳየች ትንቀጠቀጣለች። ይህን ካያችሁ ብዙም ሳይቆይ እሷ ዋሻው ውስጥ ትጠፋለች፣ ወንዱ ደግሞ በር ላይ ይቆማል።

እንቁላሉ ጣሪያው ላይ ስለሚለጠፍ አይታያችሁም። ማሰሮውን አንስቶ ማየት ያምራችኋል፤ ተዉት። በሦስት ቀን ገደማ ይፈለፈላል፣ ከተጣለ ሳምንት አለፍ ሲል ደግሞ እናትየዋ ጫጩቶቿን አስከትላ ትወጣለች። በዚህ ሰዓት ያለውን ትርዒት ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ጫጩቶቹ ከጠጠሩ ከፍ ብለው ግራጫ ደመና መስለው አብረው ይሄዳሉ። አንድ ቴትራ ጠጋ ሲል እናትየዋ የሆዷን ክንፎች ቶሎ ቶሎ ታርገበግባለች፤ ደመናው በአንዴ ይወርድና ጠጠር ላይ ተለጥፎ ፀጥ ይላል። ዓይናችሁን ተክላችሁ ካልሆነ አንዱንም አትለዩትም። ቴትራው ተባሮ ሲሄድ እንደገና ይነሳሉ። የራቀውን ደግሞ በአፏ ለቅማ መሃል ላይ ትተፋዋለች።

ኮንቪክትም ይህን ሁሉ ያደርጋል። መካከለኛው አሜሪካ ነው አገሩ፤ ጥቁርና ግራጫ መስመሩ የእስረኛ ልብስ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣለት። ከሴትና ከወንዱ ሆዷ ላይ ብርቱካንማ ቀለም ያላት ሴቷ ናት፣ ስለዚህ ለመለየት አይከብድም። ወላጅነቱ ላይም እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ራሱ ጎበዝነቱ ነው። መቶዎችን ያስፈለፍላል፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ይደግማል፣ ጫጩት በያዘ ቁጥር የገንዳውን ሁለት ሦስተኛ የኔ ነው ይላል፣ የቀሩት ዓሦች አንድ ጥግ ላይ ተኮልኩለው ክንፋቸው ተቆራርጦ ይኖራሉ። ከሱ በእጥፍ የሚበልጥ ዓሣ እንኳን አይፈራም።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። የጋራ አኳሪየም ካላችሁና አብረው የሚኖሩትን ማጣት ካልፈለጋችሁ ክሪቤንሲስ ውሰዱ። ኮንቪክት የሚያዋጣው የራሱ 100 ሊትር ገንዳ ሲኖረው ብቻ ነው። ያም ሆኖ ከመግዛታችሁ በፊት ጫጩቱን ማን እንደሚወስድላችሁ ጠይቁ፤ ዓሣ የሚያረባ ሰው ሁሉ የኮንቪክት ጫጩት የሚሰጠው ሰው ፍለጋ ላይ ነው።

ለክሪቤንሲስ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው ኮሪዶራስ ነው። ኮሪዶራስ የዋህ ዓሣ ነው፣ «ሂድ ከዚህ» ሲባል አይገባውም። ክሪቤንሲሱ ደጋግሞ ይነክሰዋል፤ ኮሪዶራሱ ደግሞ ማታ ተመልሶ መጥቶ እንቁላሉን ይለቅማል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው ወለሉ ሰፊ ሲሆን ነው፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ። ካልሆነ ከላይና ከመሃል የሚዋኙ ጎረቤቶችን ብቻ ምረጡ። ሁለተኛው የፆታ ጉዳይ ነው። በክሪቤንሲስ የጫጩቶቹ ፆታ በውሃው ፒኤች፣ ማለትም በአሲድነቱ ልክ፣ ይነካል፤ አሲዳማ ውሃ ወንድ ያበዛል፣ አልካላይን ውሃ ሴት ያበዛል። ጫጩት ሁሉ ወንድ ሆነብኝ የሚል ሰው ፒኤቹን ይለካ። ወደ 7 አካባቢ ሲሆን ቁጥሩ ይቀራረባል። አፒስቶግራማ የሚባለው ሌላ ትንሽ ሲክሊድ ላይ ደግሞ ሙቀትም ይገባበታል፦ ውሃው ሲሞቅ ወንድ ይበዛል።

ኤንጅልፊሽ፣ ራም፣ ዲስከስ

ኤንጅልፊሽ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሲክሊድ ነው፣ ብዙዎቹም ሲክሊድ መሆኑን ሳያውቁ ነው የሚገዙት። ወንድና ሴቱ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ጥንድ ብሎ ከመግዛት ስድስት ያህል ትናንሾች ገዝቶ አብሮ ማሳደግ ይሻላል፤ ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ይመራረጣሉ። ያኔ ሁለቱ አንድ ጥግ ይዘው የቀሩትን ማባረር ይጀምራሉ።

እንቁላሉን ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ላይ ነው የሚጥለው፣ ሰፊ ቅጠል፣ የፊልተር ቱቦ፣ አንዳንዴ መስታወቱ ራሱ ላይ። በ27 ወይም 28 ዲግሪ ውሃ በሁለት ቀን ተኩል ገደማ ይፈለፈላል። የተፈለፈሉት ወዲያው አይዋኙም። ጭንቅላታቸው ላይ ባለ የሚያጣብቅ ክር ቅጠሉ ላይ ተንጠልጥለው ጭራቸውን ብቻ ያርገበግባሉ። የወደቀ ካለ ወላጅ በአፉ ተቀብሎ መልሶ ይለጥፈዋል። ሆዳቸው ላይ ያለውን አስኳል እስኪጨርሱ ወደ አምስት ቀን እንዲህ ይቆያሉ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ወላጆቹ ካልበሉት ነው። ኤንጅልፊሽ፣ በተለይ ገና ጀማሪ ጥንድ፣ ሲሰጋ እንቁላሉን ራሱ ይበላል። በጋራ አኳሪየም ደግሞ ስጋት አይጠፋም። አንዳንድ ጥንድ ሦስት አራት ጊዜ በልቶ ከዚያ ይማራል፣ አንዳንዱ ግን መቼም አይማርም። እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ ታግሳችሁ ደጋግመው እንዲሞክሩ ትተዋላችሁ፣ ወይ እንቁላሉን ከነቅጠሉ ቆርጣችሁ ከገንዳው ውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። ከወሰዳችሁ የወላጆቹን ሥራ መሥራት የእናንተ ነው፦ የአየር ድንጋይ (ከአየር ፓምፕ ጋር ተያይዞ አረፋ የሚያወጣውን) አጠገቡ አድርጋችሁ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ፣ ሙቀቱን መጠበቅ፣ ሻጋታ እንዳይዘው ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ መድኃኒት ጠብ ማድረግ። ሕይወት ያለው እንቁላል እንደ ማር ጠራ ያለ ነው። የነጣው አልቋል፣ ሻጋታውን ለሌላው እንዳያስተላልፍ በጠብታ መሳቢያ ምጠጡት።

እኔ ብጠየቅ ጫጩት ከፈለጋችሁ ውሰዱት፣ ትርዒቱን ከፈለጋችሁ ተዉት እላለሁ። ሁለቱንም በአንድ ገንዳ ማግኘት እድል ነው። በነገራችን ላይ ያደገ ኤንጅልፊሽ ኒዮን ቴትራን ይውጣል፣ ስለዚህ ጎረቤት ስትመርጡ አፉ የሚችለውን ነገር አታስገቡ።

ራም ትንሽና ዓይን የሚስብ ነው፣ ከቬንዙዌላና ከኮሎምቢያ ሜዳማ አገሮች የመጣ። ለመራባት ለስላሳ (ማዕድኑ ያነሰ)፣ በትንሹ አሲዳማ እና 28 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል። ያ ሙቀት ለብዙ ጎረቤት አይመችም። ዕድሜው አጭር ነው፣ ጫጩቶቹም ደቃቅ ናቸው፣ ወላጆቹም ብዙ ጊዜ እንቁላላቸውን ይበላሉ። ለመጀመሪያ ሙከራ አልመክረውም።

ዲስከስን ከዚህ ዝርዝር ብታወጡት ይሻላል። ጫጩቶቹ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚበሉት ከወላጆቻቸው ቆዳ ላይ የሚወጣውን ዝልግልግ ነገር ነው፤ ለይቶ ማሳደግ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ከሌሎች ጋር ማሳደግ ደግሞ ሌላው ዓሣ መጥቶ ቆዳቸውን ይልስባቸዋል።

በአፍ የሚይዙት

ወደ ማላዊ ሐይቅ ዓሦች ስንሄድ «የጋራ አኳሪየም» የሚለው ነገር ትርጉሙ ይቀየራል። እዚህ ቴትራ የለም። ውሃው ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) እና አልካላይን፣ ጎረቤቱም እዚያው ሐይቅ ያደገ ሲክሊድ ነው። ለጀማሪ የሚሆነው የሎው ላብ የሚባለው ቢጫው ነው፣ ከዘመዶቹ አንጻር ጨዋ ነው። አንድ ወንድ ለሦስት ወይም ለአራት ሴት አድርጉ፤ ሴቷ አንድ ብቻ ከሆነች ወንዱ መውጫ መግቢያ ያሳጣታል።

ሴቷ እንቁላሉን ጥላ ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች። ብዙዎቹ የማላዊ ወንዶች የኋላ ክንፋቸው ላይ እንቁላል የሚመስል ቢጫ ነጥብ አላቸው፤ እሷ ያንን ልትለቅም ስትሞክር የወንዱን ዘር ወደ አፏ ታስገባለች። ከዚያ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት አፏን እንደዘጋች ትቆያለች። ይህችን ሴት መለየት ቀላል ነው። አገጯ ወደ ታች ወርዶ ይወጠራል፣ አንድ ነገር የምታኝክ ይመስል አልፎ አልፎ መንጋጋዋን ታንቀሳቅሳለች፣ እንቁላሎቹን እያገላበጠች ነው። ምግብ ስትበትኑ ከሌሎቹ ጋር ትመጣና አጠገቡ ደርሳ ትመለሳለች።

እዚህ ጋ ያለው ምርጫ ሦስት ነው። አንደኛው ዝም ማለት ነው። ድንጋይ ከምር ከተቆለለና ጠባብ ስንጥቅ ከበዛ፣ ከአንድ ዙር ሁለት ሦስት ጫጩት ራሳቸውን ችለው ያድጋሉ። ለመሸጥ ያላሰበ ሰው ይህ ይበቃዋል፣ እንዲያውም ይበልጥበታል። ሁለተኛው እናትየዋን ለብቻዋ ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካዛወራችኋት ደንግጣ ልትውጠው ወይም ልትተፋው ትችላለች፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በመረብ ከማሯሯጥ ይልቅ ወደ ዕቃ ነድቶ መያዝ ይሻላል። ሦስተኛው አፏን ከፍቶ ማስተፋት ነው። በእርጥብ እጅ ይዞ፣ ከገንዳው ውሃ የተሞላ ዕቃ ላይ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጎ፣ የታችኛውን መንጋጋ በለስላሳ ነገር ቀስ ብሎ ዝቅ ማድረግ። የለመደ ሰው በደቂቃ ይጨርሰዋል፣ ያልለመደ ሰው መንጋጋ ይጎዳል።

ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ራሷ ጊዜዋን ጠብቃ ስትተፋ ጫጩቶቹ አስኳላቸውን ጨርሰው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነው፣ በዚያው ቀን የተፈጨ ፍሌክ (ደረቅ የዓሣ ምግብ) መብላት የሚችሉ ሆነው ነው የሚወጡት። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ አሥርና ሃያ ነው የምታገኙት፣ ግን አብዛኛው ይተርፋል። እሷን ግን ወዲያው አትመልሷት። ሳምንታት ሳትበላ የቆየች ናት፤ ጥቂት ቀን ጠግባ ካልተመለሰች ወንዱ በዚያው ቀን ያሳድዳታል።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። የተቀራረቡ የማላዊ ዝርያዎችን አንድ ላይ ካደረጋችሁ ይዳቀላሉ። የአባቱ ማንነት ያልታወቀ ጫጩት በንጹህ ዝርያ ስም ለሰው መስጠት ማታለል ነው። ማርባት ካሰባችሁ ከመነሻው የማይመሳሰሉ ዝርያዎችን ምረጡ።

ከታንጋኒካ ሐይቅ የሚመጣ፣ ነጠብጣብ ያለበት ሲኖዶንቲስ የሚባል ካትፊሽ ደግሞ አለ፤ ማራባት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጎረቤት አይሆንም። ሲክሊዶቹ እንቁላል ሲጥሉ መሃል ይገባና የራሱን ይቀላቅላል፣ እናትየዋም ሳታውቅ አብራ ትለቅመዋለች። የካትፊሹ ጫጩት ቀድሞ ይፈለፈልና አፏ ውስጥ እያለ የሷን ልጆች ይበላቸዋል። ሦስት ሳምንት ጾማ የሌላ ዓሣ ልጅ ትተፋለች።

ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩት

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለሰነፍ ሰው የተፈጠረ አንድ ዓሣ ቢኖር መልቲ ነው። የታንጋኒካ ሐይቅ ነዋሪ ነው፣ ወንዱ እንኳን 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ከሲክሊድ ሁሉ በትንሽነቱ የሚታወቅ። ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ይኖራል፣ እዚያው እንቁላል ይጥላል፣ እዚያው ያሳድጋል። 50 ወይም 60 ሊትር ገንዳ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ደቃቅ አሸዋ፣ ለአንድ ዓሣ ሁለት ሦስት ቅርፊት። በቃ። አሸዋውን ራሱ በአፉ እየዛቀ ቅርፊቱን እንደሚፈልገው ይቀብረዋል፤ ዛሬ ያሳመራችሁትን ወለል ነገ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኖ ብታገኙት አትገረሙ።

ጫጩቶቹ አንድ ቀን ቅርፊቱ አፍ ላይ ብቅ ይላሉ። ትልልቆቹ አያባርሯቸውም፤ ትልቁ፣ መካከለኛውና ትንሹ አንድ መንደር ሆነው ይኖራሉ። መለየት የለ፣ ማዛወር የለ፣ ማስተፋት የለ። ጉድለቱ ሁለት ነው። ከተለመደው የቴትራ ገንዳ ጋር አይገጥምም፣ ፒኤቹ ከ8 በላይ የሆነ ጠንካራ ውሃ ይፈልጋል። ደግሞ ጫጩት ይዛችሁ ለሰው ልስጥ ብትሉ መረቡን ባዩ ቁጥር ሁሉም ቅርፊቱ ውስጥ ይገባል፤ ከነቅርፊቱ ማንሳት ነው ያላችሁ አማራጭ።

ብሪቻርዲ የሚባለው የዚሁ ሐይቅ ዓሣም በዘመድ ነው የሚያሳድገው፣ ቀደም ብለው የተወለዱት ታናናሾቻቸውን ይጠብቃሉ። ማየቱ ያስደስታል። ግን ቤተሰቡ ሲበዛ ገንዳውን በሙሉ ይወርስና ሌላውን ዓሣ አንድ በአንድ ይጨርሰዋል። ለብቻው ከሆነ ጥሩ፣ ለጋራ አኳሪየም አይሆንም።

መተው፣ መከለል ወይስ ማዛወር?

ዓሣው ተመረጠ እንበል። አሁን ጫጩቱ ዋኝቷል። እዚህ ላይ የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው፣ አብዛኛው ግን «የጋራ አኳሪየም አይሆንም፣ ሁሉንም አውጡ» የሚል ነው። አልስማማም።

ከወላጆቹ ጋር መተው በተለይ ለክሪቤንሲስ ያዋጣል። ጫጩቶቹ ቀኑን ሙሉ ጠጠሩንና ሞሱን እየለቀሙ ይበላሉ፣ ወላጆቹ ቅጠል እያገላበጡ ይመግቧቸዋል። ከመቶው አሥር ቢተርፍ ጥሩ ነው። ለዚህ ሁለት ብልሃት አለ። አንዱ የሌሊቱ ነው፤ ወላጅ በድቅድቅ ጨለማ አያይም፣ ካትፊሹ ግን በጢሙ ያገኛል። ስለዚህ ማታ ከገንዳው ራቅ ብሎ ደብዘዝ ያለ መብራት ተዉላቸው፣ ለመጠበቅ የሚበቃ ያህል። ሁለተኛው የምግቡ ነው። መጀመሪያ ለጎረቤቶቹ በገንዳው አንድ ጫፍ ላይ በትኑ። እነሱ እዚያ ሲሻሙ የጫጩቱን ምግብ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ስባችሁ በቀጭን ቱቦ ደመናው መሃል ልቀቁት።

ገንዳው ውስጥ በሚንጠለጠል የመረብ ሳጥን መከለል መሃል ላይ ያለ መንገድ ነው። ውሃው አንድ ስለሆነ የሙቀትና የፒኤች ጭንቀት የለም። ግን ቦታው ጠባብ ነው፣ የተረፈ ምግብ ታች ይከማቻል፣ ወላጆቹም ልጆቻቸውን በመረቡ አሻግረው እያዩ ሲጨነቁ ይውላሉ። ለአንድ ሁለት ሳምንት ይሁን፣ ከዚያ በላይ ግን አይጎትት።

የተለየ ገንዳ ብዙ ጫጩት ለሚፈልግ ሰው ነው። 40 ሊትር ይበቃል። ጠጠር አታስገቡ፣ ባዶ ወለል ለማጽዳት ይቀላል። የኃይለኛ ፊልተር አፍ ጫጩት ይስባል፣ ስለዚህ የስፖንጅ ፊልተር ነው የሚያስፈልገው፤ ስፖንጁ ደግሞ አስቀድሞ በዋናው ገንዳ ውስጥ ሳምንታት የቆየ መሆን አለበት። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ስፖንጅ ውስጥ አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች የሉም፤ አዲስ ገንዳ እነሱን እስኪያፈራ ከወር በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ጫጩት ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። በአልካላይን ውሃ ያለ አሞኒያ ይብሳል፣ ፒኤች በጨመረ ቁጥር መርዝነቱ ስለሚጨምር የማላዊና የታንጋኒካ ጫጩት ያለው ሰው ይህን ይበልጥ ይጠንቀቅ። ገንዳውን በወላጆቹ ውሃ ሙሉት፣ ከዚያ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ቀይሩ፣ የሚገባው ውሃ ሙቀቱ የተቀራረበና ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን።

ጫጩት በመረብ አይያዝም፣ በቀጭን የአየር ቱቦ ወደ ባልዲ ይሳባል። ሲመሽ ሁሉም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚሰበሰቡ ያኔ ቀላል ነው። እና እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር አለ፦ ግማሹን ብቻ ውሰዱ። ሁሉንም ከወሰዳችሁ ወላጆቹ ይደነግጣሉ፣ ፍለጋ ይገባሉ፣ ብዙ ጊዜም እርስ በርስ ይጣላሉ፤ በትንሽ ገንዳ ውስጥ ደግሞ የምትጎዳው ሴቷ ናት። ግማሹ ከቀረ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ እናንተም ጫጩታችሁን ታሳድጋላችሁ።

ምኑን ይብሉ?

እዚህ ብዙ ማመንታት አያስፈልግም። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ደረቅ እንቁላሉ በጨው ውሃ የሚፈለፈል ደቃቅ ፍጥረት) ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ያህል ጨው፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ፣ መብራትና ከታች የሚገባ ጠንካራ አየር፤ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይፈለፈላል። አየሩን ስታቆሙ ባዶው ቅርፊት ይንሳፈፋል፣ ሕይወት ያለው ወደ ብርሃን ይሰበሰባል፣ ከዚያ ስባችሁ በጨው አልባ ውሃ ታጠቡታላችሁ። በዚያው ቀን ስጡት፣ ሲቆይ ስንቁን ራሱ በልቶ ጥቅሙ ይቀንሳል። ጫጩቱ መብላቱን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ሆዱ ብርቱካንማ ሆኖ በቆዳው ያሳያል።

ማይክሮ ዎርም በአጃ ገንፎ ላይ የሚራባ ደቃቅ ትል ነው። ርካሽ ነው፣ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፣ ወደ ታች ስለሚሰምጥ ወለል ላይ ለሚለቅም ጫጩት ይመቻል። አርቴሚያው አልፈለፈል ባለ ቀን ያድናችኋል። ብቻውን ግን አይበቃም። የተፈጨ ፍሌክ በአፍ ተይዘው ለሚያድጉት ከመጀመሪያው ቀን ይሆናል፣ ለሌሎቹ ትንሽ ሲያድጉ። ራም ከሆነ የመጀመሪያ ቀናት ከአርቴሚያ የሚያንስ ምግብ ሊያስፈልግ ይችላል። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል የሚመክሯችሁ አይጠፉም፤ ትንሿ ትርፍ እንኳን ውሃውን በሰዓታት ታበላሻለች፣ እኔ አልነካውም።

በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። የተረፈውን በቱቦ ምጠጡ።

ሲያድጉ ቶሎ የሚያድጉት ትናንሾቹን እየገፉ ምግብ ይከለክላሉ፣ አንዳንዶቹም ይበሏቸዋል፤ በመጠን መለየት ያስፈልጋል። ጀርባው የጎበጠውን ወይም መንጋጋው የማይዘጋውን ለሰው አትስጡ፣ ለማርባትም አታስቀሩ። የተትረፈረፈውን ደግሞ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ መልቀቅ ፈጽሞ አይታሰብም፣ ኮንቪክት በዚህ መንገድ አውስትራሊያ ገብቶ በዱር እየተራባ ይገኛል።

ከወላጆቻቸው ጋር የቀሩት የሚወጡበት ቀን ደግሞ ራሱ ይታወቃል። እናትየዋ እንደገና ሆዷ መቅላት ሲጀምር፣ ትናንት ስትጠብቃቸው የነበሩትን ጫጩቶች ከዋሻው በር ማባረር ትጀምራለች። በዚያው ቀን አውጧቸው፤ ካደረ አባትየውም ያግዛታል።